የረቡዕ ምስር

ሰኞ፣ መስከረም 6 ቀን 1978

ዛሬ የጣቢያው ሹም አቶ ደገፋ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ዘንድሮ ሰው ቢሮ ሲጠራ ልቡ ድው ይላል፤ የኔም አለ። ነገሩ ግን ደግ ሆኖ ተገኘ። ጡረታዬ ጥር ላይ ነው። ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ ስለተጠራቀመ፣ ባንድ ጊዜ ከመውጣት በሳምንት ሦስት ቀን እያረፍኩ፣ በቀሩት ቀናት አዲሱን ሰው ጉደታን እያለማመድኩ ብጨርስ ይሻላል አሉኝ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ እርስዎ ደግሞ ቀስ ብለው ይቀመጡ» ብለው ሳቁ።

የዕረፍት ቀኖቼን ራሴ እንድመርጥ ፈቀዱልኝ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ አልኳቸው። ሰኞን ማንም ስለማይወደው፣ ረቡዕና ዓርብን ጾም ስለሆኑ።

ሥራዬ ለሚያየው ቀላል ነው። ሐዲዱ የናዝሬትን መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ እቆማለሁ። ባቡር ሊመጣ ሲል አግዳሚውን ብረት አውርጄ መንገዱን እዘጋለሁ፣ አረንጓዴ ባንዲራዬን አውለበልባለሁ፣ ሲያልፍ እከፍታለሁ። ጋሪውም፣ አህያውም፣ የጭነት መኪናውም፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊውም እጄን ሳነሳ ይቆማል። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው አልተገጨብኝም። ባቡር ሳይኖር መንገድ ዘግቼም አላውቅም። ይህን የምጽፈው ለጉራ ነው፤ በገዛ ደብተሬ ማን ይከለክለኛል?

ለባለቤቴ ለእናትነሽ ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋው ቆመ።

«ረቡዕን ለምን መረጥክ?»

«ጾም ነዋ።»

«ጾምማ ሥራ ቦታም ይጾማል» አለችኝ።

ባሏ ቤት ሊውልላት ነው ስትባል ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ዓይኗም እንባ አቅርሮ ነበር። ሽንኩርቱ ይሆናል።

ረቡዕ፣ መስከረም 8

የመጀመሪያው ዕረፍቴ። አርፍጄ ተነሳሁ። ሽርጤን እንዳገለደምኩ ወንበሬ ላይ ተንሰራፍቼ ራዲዮ ስሰማ በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ጉዲቱ ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር ብቅ አለች። ሲያዩኝ ደፉ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ጋሼ ሰብስቤ! አሞዎት ነው እንዴ?»

«ምን በወጣኝ! ዕረፍት ላይ ነኝ። ከእንግዲህ ረቡዕ ረቡዕ እቤት ነኝ።»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። እናትነሽ ከጓዳ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ምስሩን ልታግዙኝ ነው አይደል የመጣችሁት? ግቡ፣ ግቡ» አለችና ሰፌድ ሙሉ ምስር ይዛ ወጣች። ሰፌዱን ከበው ጎንበስ ብለው መልቀም ጀመሩ። አንዲት ቃል አይወጣቸውም። ዝምታው ቢከብደኝ ጊዜ መተሐራ አጠገብ በሬ ሐዲድ ላይ ተኝቶ ባቡር ያስቆመበትን ታሪክ አወራሁላቸው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ አወራኋቸው። ጨዋታዬ ሳይጥማቸው አልቀረም። አንዷ ስታዛጋ አይቻለሁ፤ ግን ሙቀቱ ነው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 11

ጉደታ አግዳሚውን ቶሎ ያወርዳል። ባቡሩ ጭራሽ ሳይታይ። ባለጋሪዎቹ ሰደቡት፣ እኔም ጨመርኩበት። «ባቡር ሳይኖር መንገድ መዝጋት ማለት በአደባባይ መዋሸት ነው» አልኩት። የሁለት ልጆች አባት ሆኖ ሳለ እንደ ተማሪ አቀርቅሮ «እሺ ጋሼ» ይለኛል። ጠዋት ጠዋት እጄን በሁለት እጁ ይዞ «አካም ቡልተኒ» ብሎ በኦሮምኛ እንደምን አደሩ ሲለኝ ቁጣዬ ይበርዳል። ደግ ሰው ነው። ወለንጪቲ ነው ያደገው።

ረቡዕ፣ መስከረም 15

ሴቶቹ ዛሬም መጡ። ምስሩም ወጣ። ምላጭ ልገዛ ብዬ ወጣሁና ስመለስ ከቤቴ ውስጥ ዜማ ሰማሁ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አብረው ይዘምራሉ። ከሰንበቴም፣ ከማኅበርም፣ ከሠርግም የማውቀው ዜማ አይደለም። የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ዝም አሉ። ስገባ አራቱም ከእናትነሽ ጋር ሰፌዱ ላይ አቀርቅረዋል።

እኔም ተቀምጬ ላግዝ ብዬ አንድ እፍኝ አነሳሁ። ጠጠር የለው፣ ገለባ የለው። ያው ያለፈው ረቡዕ ምስር ነው።

ሲሄዱ እናትነሽን «ይህ ምስር ወጥ የሚሆነው መቼ ነው?» አልኳት።

«ለነቢያት ጾም ነው።»

«ገና ሁለት ወር ይቀረዋል።»

«ምስር እንደሆነ አይበላሽ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

ዜማው ከጆሮዬ አልወጣም። ማታ እግሬን ስታጠብ ሳላስበው ሳንጎራጉረው እናትነሽ ደንግጣ አየችኝ። ደስ ይላል እኮ፣ ዜማው።

ቅዳሜ፣ መስከረም 18

አግዳሚው ወርዶ ሰው ባቡር ይጠብቃል። ጋሪ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ከማዶ ሰፈር ጴንጤዎች ተያዙ አሉ። አንድ ሰው ቤት ተሰብስበው ሲጸልዩ።»

«ቸርቻቸው ተዘግቶ የለም እንዴ?»

«ቢዘጋስ፣ በየቤቱ ሆነዋ። የሚበዙትም ሴቶች ናቸው። የቤቱን ባልም ወስደውታል። አላወቅሁም ቢል ማን ይሰማዋል?»

ባቡሩ አለፈ። ጉደታ «ጋሼ፣ ይክፈቱ እንጂ» እስኪለኝ ድረስ አልከፈትኩም።

እኔን የሚመለከተኝ ነገር የለም።

እናትነሽ ቅዳሴ ከቀረች ቆየች። ጉልበቴን ያመኛል ትላለች። ገበያ ስትሄድ አያማትም።

ምሳዬን ሳልበላ ይዤው ተመለስኩ።

እሑድ፣ መስከረም 19

ቤተ ክርስቲያን ስሜ ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስጣላ ዋልኩ።

ተናድጃለሁ፣ ልዋሽ አልፈልግም። እኔ የቡልጋ ሰው ነኝ፤ አባቴ በተቀበረበት እምነት እቀበራለሁ። ፈርቻለሁም። ብጠይቃት ትነግረኛለች፤ ከምስሩ በቀር ዋሽታኝ አታውቅም። ከነገረችኝ በኋላ ግን አውቃለሁ። ሲጠይቁኝ አላውቅም ለማለት እኔ መዋሸት አይሆንልኝም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ አልጠይቃትም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ወንድ ልጃችን ከጦር ግንባር ከቀረ ወዲህ እናትነሽ ሌሊት እንቅልፍ አልነበራትም። እየተነሳች ግቢ ውስጥ ትንጎራደድ ነበር። እኔ ዞሬ እተኛለሁ። ጠዋት ሥራ አለብኝ እያልኩ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ትተኛለች። ያስተኛትን ነገር ምንም ይሁን ምን፣ እኔ ልቀሰቅሳት አልችልም።

ሰኞ፣ መስከረም 20

አቶ ደገፋ ጋ ሄጄ ረቡዕ ሥራ ልግባ፣ በምትኩ ሐሙስ ልረፍ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ሰው ዕረፍት ይለምናል፤ እርስዎ ሥራ ይለምናሉ። ምነው፣ እቤት ተጣሉ?»

«ኧረ ምን በወጣን! ረቡዕ ጋሪ ይበዛል። ጉደታ ብቻውን አይችለውም።»

ጉደታ ይችለዋል። ስሙን በከንቱ አጠፋሁት።

እናትነሽን «ከእንግዲህ ረቡዕ ረቡዕ የለሁም፤ እስከ ማታ አልመጣም» አልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። «ምን ይደረግ፣ ሥራ ነው» አለች። ለራት ዶሮ እንኳ ባይሆን ዶሮ የሚያስንቅ ወጥ ሠራችልኝ። ጥሩ አድርጌ በላሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ቀን ቀን ቤቴ ምን እንደሚመስል ሳላውቅ አርጅቻለሁ። ረፋድ ላይ ፀሐይ በጓዳው መስኮት ገብታ እስከ መደቡ ድረስ ትመጣለች። ፓፓያው ዛፍ ላይ የሚመላለሱ ቢጫ ወፎች አሉ፤ እናትነሽ የእያንዳንዳቸውን ጠብ ታውቃለች። ቀን ላይ ሌላ ሴት ናት። ትስቃለች፣ በጎረቤት ታሾፋለች፣ እኔንም አትለቀኝም። ዛሬ ልብስ ሳሰጣ አየችኝና «አንተ ሰውዬ፣ ባቡር ልታስቆም ነው እንዴ ሸሚዙን እንዲህ የምታውለበልበው?» አለችኝ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ለካ ሚስቴን የማውቃት ማታ ማታ፣ ሁለታችንም ደክሞን ነው።

ባለፈው ሐሙስ ሴት ልጃችንን መሰለችን ለመጠየቅ ዝዋይ ሄደን አሳ በላን። ፈረስ ጋሪ ላይ ሆነን ሐይቁን ስናይ እጇን ያዝኩት። አልነጠቀችኝም። ጡረታ ይህ ከሆነ ለምን እንደምፈራው አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

የቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ተብሎ ተሰለፍን። የቀበሌያችን ሰው ጓድ ዘገዬ ሰልፉን እየተመለከተ ሲመጣ እኔ ጋ ቆመ።

«ጓድ ሰብስቤ፣ ጡረታ እንዴት ይዞዎታል?»

«ገና መንገድ ላይ ነኝ።»

«እርስዎ ቤት ረቡዕ ረቡዕ ሴቶች ይበዛሉ ይባላል።»

«ምስር ይለቅማሉ።»

«ምስር» አለ። «በየሳምንቱ? ስንት ኩንታል ቢሆን ነው?»

ሳቅሁ። ከሚገባው በላይ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «አንድ ቀን ብቅ ብዬ አግዛቸዋለሁ» ብሎኝ ሄደ።

ስኳሩን ሳልወስድ ልመጣ ነበር፤ ከኋላዬ የነበሩት ሴትዮ ናቸው የጠሩኝ። ያ ምስር በእጅ ብዛት አብረቅርቋል። ሰፌዱን ያየ ሰው ወዲያው ያውቃል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ወለንጪቲ ሄጄ መጣሁ። የጉደታ እናት ወይዘሮ ጫልቱ እዚያ በራቸው ላይ እህል ይሸጣሉ። ጉደታ በኔ በኩል ሰላምታ ልኮላቸዋል። ሁለት ጆንያ ምስር አሳዩኝ፤ አንዱ የተበጠረ፣ አንዱ ከነአፈሩ ከምንጃር የመጣ።

«ይሄኛውን ነው የምፈልገው» አልኳቸው፣ ከነአፈሩ ያለውን።

«ዋይ! እሱ ቆሻሻ ነው። ንጹሑን ውሰድ፣ በዋጋ እንስማማለን።»

«አይ፣ ቆሻሻውን ነው የምፈልገው። ከዚህም የባሰ ካለ ይሻላል።»

«ማሊፍ?» አሉኝ፤ ለምን ማለታቸው ነው።

ምን ልበላቸው? «ሚስቴ ጠጠር መልቀም ትወዳለች» አልኳቸው።

በጣም አዘኑልኝ። ለኔ ይሁን ለሚስቴ አልገባኝም። ጆንያው ሲሞላ ሳልጠይቃቸው ከመሬት አንድ እፍኝ ጠጠር ዘግነው «እንካ፣ ይሄ ምርቃት» ብለው ጨመሩበት፣ እየሳቁ። እኔም አመሰገንኩ።

ጆንያውን ቤት አስገብቼ ሳወርደው እናትነሽ እጇን አስገብታ ዘገነች። ጠጠር፣ እንክርዳድ፣ ገለባ፣ የአፈር ጓል።

«ይህን ያህል ቆሻሻ ሲሸጡልህ አታይም እንዴ?»

«አይቻለሁ። ለብዙ ረቡዕ ይበቃል ብዬ ነው።»

እጇ ጆንያው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ። ከዚያ ጆንያው ላይ ቁጭ አለችና በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። የምስር አቧራ ክፉ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 4

ቶሎ ልጻፈው።

ረፋድ ላይ የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ላንድሮቨር ወደ ማቋረጫው ሲመጣ አየሁ። ከፊት ጓድ ዘገዬ፣ ከኋላ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች። ሐዲዱን ተሻግረው ወደ ግራ ከታጠፉ የኔ ቤት ነው። ረቡዕ ነው።

አግዳሚውን አወረድኩት።

ጉደታ «ጋሼ፣ ባቡር እኮ…» አለ።

«ምሳዬን ረስቼ መጥቻለሁ። ሮጠህ ሂድና እናትነሽን ላኪልኝ በላት። በሩን ጮክ አድርገህ አንኳኳ።»

ጉደታ ከትከሻዬ የተንጠለጠለውን ምሳ ዕቃ አየ። ከዚያ ላንድሮቨሩን አየ። በሐዲዱ ጥግ ጥግ ሮጠ።

ላንድሮቨሩ አግዳሚው ሥር ቆመ። ከኋላው ጋሪ፣ አህያ፣ ጭነት መኪና ተጠራቀመ። ጓድ ዘገዬ ወረደ።

«ባቡሩ የታለ?»

«ከሞጆ ተነስቷል።»

ሁለታችንም ወደ ሞጆ አቅጣጫ አየን። ሐዲዱ ላይ ያለችው አንዲት ፍየል ብቻ ናት።

«ክፈትልን፣ እናልፋለን።»

«ጓድ፣ ሕግ ነው። ሰው ቢገጭብኝስ? ጡረታዬ ደርሷል።»

ባለጋሪዎቹ እናቴን፣ አባቴን፣ ባቡሬን ጨምረው ሰደቡኝ። ባንዲራዬን ይዤ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ጉደታ ላይ የጮህኩት ቃል ሁሉ እየመጣ ትዝ አለኝ። ቆይቶ እያለከለከ መጣ። «ምሳው አልደረሰም ጋሼ። ምስር እየለቀሙ ነው» አለኝ። ከፈትኩ።

ጓድ ዘገዬ መኪናው ውስጥ ሲገባ «ያ ባቡር አልመጣም» አለኝ።

«ዘግይቶ ይሆናል» አልኩት።

ማታ እናትነሽ ነገረችኝ። ገብቶ ሣጥኑን ከፈተ፣ ፍራሹን ገለበጠ። መጨረሻ ላይ ሰፌዱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ምስሩን በጣቱ በተነው። ጠጠሩ ባንድ በኩል ተከምሯል፣ ያልተለቀመው በሌላ በኩል አፈር እንደለበሰ አለ። ሲስተር ጉዲቱ «ጓድ፣ ካገዙን ወንበር እንስጥዎት» አለችው። «ይህን ያህል ቆሻሻ ምስር አይቼ አላውቅም» ብሎ ወጣ።

እራት ላይ በእጇ አጎረሰችኝ፤ ከሠርጋችን ወዲህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ባለጋሪዎቹ ከሰሱኝ። አቶ ደገፋ አስጠሩኝ። እውነት ያለ ባቡር ዘግተዋል ወይ ሳይሉ፣ «ባቡር የመጣ መሰለዎት?» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ መውጫ ሰጡኝ።

«መሰለኝ» አልኩ።

«ዓይንዎ ደክሟል ማለት ነው። የቀረውን ፈቃድ ባንድ ጊዜ ይውሰዱ። ከሰኞ ጀምሮ ጉደታ ይያዘው።»

ባንዲራዎቼን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ስወጣ ጉደታ በር ላይ ቆሟል። «ጋሼ፣ እኔ ልንገራቸው። ዓይንዎ ደህና ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ዝም በል» አልኩት። እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

ጎድቶኛል። ያን ሁሉ ዓመት በንጽሕና ሠርቼ፣ በመጨረሻ ስሜ የሌለ ባቡር ያየ ሽማግሌ ሆኖ ቀረ። ዛሬ ገበያ መሀል አንድ ባለጋሪ «ጋሼ ሰብስቤ፣ ባቡሩ መጣ?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። «ከሞጆ ተነስቷል» አልኩት። ሲስቁ ቆዩ።

የገረመኝ፣ መጸጸት እየፈለግሁ አጣሁት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ጾሙ ገብቷል። ሥራ ከተውኩ ይህ ሁለተኛው ረቡዕ ነው፤ ያለፈውን ሳምንት መሰለች ጋ ብዬ ዝዋይ ሸሸሁ። ዛሬ የምሸሽበት ስላልነበረኝ ባርኔጣዬን አድርጌ ተነሳሁ።

«ወዴት ነው?» አለች እናትነሽ።

«ዝም ብዬ ዞር ዞር ልበል። አንቺም ምስርሽን…»

«በየረቡዑ ልትዞር ነው? እግርህ አያምህም?» ባርኔጣዬን ከራሴ ላይ አነሳችው። «ወንበርህን ግቢው በር ላይ አውጥቼልሃለሁ። ጥላ አለው።» ሰፌድ ሙሉ ምስር አሸከመችኝ፣ ያን የወለንጪቲውን።

ሴቶቹ አንድ በአንድ መጡ። ሲስተር ጉዲቱ እንደ በፊቱ አልደነገጠችም። «እንደምን አደሩ ጋሼ» ብላ አጎንብሳ ጉልበቴን ሳመች። ምን ሆነች ብዬ ሳስብ ገባች።

ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ መንገዱን ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ከግራ የሚመጣውን አያለሁ፣ ከቀኝ የሚመጣውን አያለሁ። ከውስጥ ያ ዜማ ጀመረ። ከጥበቃዎቹ አንዱ በመንገዱ ሲመጣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ ዜማው ቆመ። «እንደምን ዋሉ አባባ፣ ጡረታ ገባ?» አለኝ። «ገባ ልጄ» አልኩት። አለፈ። ማዕዘኑን እስኪታጠፍ ጠብቄ እንደገና ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ዜማው ቀጠለ። ጫፉን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ዛሬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት። እኔ በእምነቴ ነኝ፣ ጾሜንም እጾማለሁ። ግን መጨረሻው ያምራል።

ከሰዓት በኋላ ጉደታ ያሳለፈው ባቡር ጮኾ አለፈ። አግዳሚውን በሰዓቱ ነው ያወረደው።

ማታ እናትነሽ ያንኑ ምስር ሠርታ አቀረበች። ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳኝክ ጠጠር ጥርሴን ቀጨም አደረገኝ። እሷም አፏን ይዛ ቀረች።

«አንተ ሰውዬ፣ ቀኑን ሙሉ ሰፌዱን ታቅፈህ ውለህ ስንት ጠጠር ለቀምክ?»

«አንድም» አልኳት። «ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር።»

ጠጠሩን ከአፏ አውጥታ አጠገቧ ያለው ሰፌድ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እየሳቅን፣ እየተፋን በላን።